ኦቨኑ 200 ይላል፤ ብረቱስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ገጽ በሙሉ ለፓውደር ኮቲንግ ኦቨን፣ ማለትም ብረት ላይ የተረጨ የዱቄት ቀለም በሙቀት ቀልጦ ለሚበስልበት ምድጃ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ተሰጥቷል። በር፣ መስኮት፣ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠሩ ወርክሾፖች ኦቨኑን ራሳቸው ይበይዱታል፤ መቆጣጠሪያውንም ራሳቸው ለመግጠም ቢነሱ ትክክል ናቸው። ዕቃው ገበያ ላይ አለ፣ ሥራውም ከአንድ ጠንቃቃ ኤሌክትሪሺያን አቅም በላይ አይደለም። ሆኖም 380 ቮልትና 200 ዲግሪ በአንድ ቦታ የሚገናኙበት ሥራ ስለሆነ፣ ስለ መከላከያ የጻፍነውን ማንም እንዳይዘለው አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ ውስጡ 1 ሜትር በ1 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ኦቨን ሠርቻለሁ። ዙሪያውን 10 ሳንቲ ሜትር ሮክ ውል (ሙቀት የሚይዝ የድንጋይ ጥጥ) ሞልቼዋለሁ። ሦስት ፌዝ መስመር አለኝ። ስንት ኪሎዋት ሂተር ልግጠም? ለመቆጣጠሪያው ምን ምን ልግዛ? እንዴትስ ላገናኘው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከሂተሩ እንጀምር፤ የቀረው ዕቃ ሁሉ የሚመረጠው በሂተሩ አምፕ ነው። በአንድ ዙር 50 ኪሎ ዕቃ ያስገባሉ፣ ማንጠልጠያው ጋሪም 15 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ብዙ ሰው የሚረሳው የኦቨኑን የራሱን የውስጥ ላሜራ ነው። የእርስዎ ኦቨን 8 ካሬ ሜትር የውስጥ ገጽ ስላለው በ0.6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቢለበስ እንኳ ወደ 38 ኪሎ ብረት አብሮ ይሞቃል። ድምሩ 103 ኪሎ ሆነ። አንድ ኪሎ ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ እንዲጨምር 0.49 ኪሎጁል ይፈልጋል። ከ20 ወደ 200 ዲግሪ 180 ዲግሪ መውጣት አለበት፤ 103 × 0.49 × 180 ሲባዛ ወደ 9,080 ኪሎጁል ይመጣል። ይህን በ25 ደቂቃ ለመስጠት 6 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋል። በሮክ ውሉ በኩል የሚጠፋው 700 ዋት ገደማ ነው፤ የበሩን ክፍተትና ውስጡን ከውጭ የሚያያይዘውን ብረት ጨምረው 1.5 ኪሎዋት ይያዙ። 7.5 ኪሎዋት ሆነ።

እዚህ ላይ አያቁሙ። መስመርዎ 220 ሳይሆን 190 ቮልት ሲሰጥ የሂተሩ ጉልበት ወደ 75 ከመቶ ይወርዳል፤ ዋቱ የሚቀንሰው በቮልቱ ስኩዌር ነውና። ስለዚህ 9 ኪሎዋት ይግጠሙ፤ 3 ኪሎዋት የሆኑ ሦስት ባለ ክንፍ የቱቦ ሂተሮች፣ እያንዳንዳቸው 220 ቮልት። የውስጡን ላሜራ 1.5 ሚሊ ሜትር አድርገውት ከሆነ ግን 57 ኪሎ ብረት ተጨማሪ ስለሚኖር የመጀመሪያው ማሞቂያ ጊዜ በሩብ ሰዓት ገደማ ይረዝማል። ቆጣሪው ላይም ይታያል።

ሦስቱን ሂተሮች በስታር ያገናኙ፣ መሃሉን ከኒውትራል ጋር አያያይዙት። እንዲህ ሲሆን በእያንዳንዱ ፌዝ 13.6 አምፕ ይሄዳል፤ ሁለት ፌዝ ብቻ መቆጣጠርም ሙሉውን ለማጥፋት ይበቃል። ስለዚህ ሁለት ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (የሚንቀሳቀስ ኮንታክት የሌለው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ በገበያው አጠራር ኤስኤስአር፣ ይበቃዎታል። ሲገዙ አንድ ነገር ይመልከቱ፦ በዚህ አሠራር ኤስኤስአሩ ሲጠፋ የሚያርፍበት 380 ቮልት ነው። ስለዚህ የውጤቱ ጎን "24–380" የሚለውን ትተው "24–480" የሚለውን ይምረጡ። አምፑ 40 ይሁን፣ እያንዳንዱም የራሱ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያወጣ ባለ ክንፍ ብረት) ይኑረው።

መቆጣጠሪያው ፒአይዲ ይሁን፤ ይህ ሙቀቱ ወደ ተሞላው ቁጥር ሲቃረብ ሂተሩን ራሱ እየመጠነ የሚያሠራ ነው። በብዛት የሚገኘው ሬክስ ሲ100 የሚባለው ነው። ይህ ዕቃ በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ መልኩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ በጎኑ ባለው የሞዴል ቁጥር ውስጥ ነው። "ኤም" ፊደል ያለበት የሪሌይ ውጤት ነው፤ "ቪ" ያለበት 12 ቮልት ዲሲ የሚያወጣው ነው። ለኤስኤስአር የሚሆነው "ቪ" ብቻ ነው። ከኤስኤስአር ጋር አብሮ በአንድ ከረጢት በሚሸጠው ውስጥ "ኤም" ገብቶ ስለሚገኝ፣ ከሱቅ ሳይወጡ ያንብቡት። የሁለቱን ኤስኤስአሮች መቆጣጠሪያ ጎን በተከታታይ ያገናኙ፦ የመቆጣጠሪያው ፖዘቲቭ ወደ አንደኛው ፖዘቲቭ፣ የአንደኛው ኔጌቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ የሁለተኛው ኔጌቲቭ ተመልሶ ወደ መቆጣጠሪያው። እያንዳንዳቸው 6 ቮልት ይደርሳቸዋል፤ መነሻቸው ከ3 እስከ 4 ቮልት ስለሆነ ይበቃል። በትይዩ ቢያገናኟቸው ግን ከመቆጣጠሪያው የሚስቡት እጥፍ ይሆናል፣ የመቆጣጠሪያው ውጤት ደግሞ ለዚያ ያህል አልተሠራም።

ከኤስኤስአሮቹ በፊት ሦስቱንም ፌዝ የሚቆርጥ ኮንታክተር (በኮይል የሚሳብ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) የግድ ነው። በኤሲ1፣ ማለትም ለሂተር በተጻፈው ደረጃ፣ 25 ወይም 32 አምፕ የሆነ ይበቃል፤ በኤሲ3 የተጻፈው ቁጥር ለሞተር ነው፣ አይምታታብዎ። ከፊቱ ባለ ሦስት ፌዝ 20 አምፕ ብሬከር፣ ገመዱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር። ሂተሩ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ሽቦ በፋይበር ግላስ የተለበሰ፣ መጋጠሚያውም ሴራሚክ ይሁን፤ ተራው የፒቪሲ ገመድ ከ70 ዲግሪ በላይ አይችልም። የኦቨኑ አካል፣ በሩ፣ ጋሪው የሚሄድበት ሐዲድና የመቆጣጠሪያው ሳጥን በሙሉ ከመሬት መስመር ጋር በቡሎን ይታሰሩ።

የኮንታክተሩ ኮይል 220 ከሆነ መንገዱ እንዲህ ይሁን፦ ከፌዝ ተነስቶ በአደጋ ማቆሚያው ያልፋል፣ ከዚያ በተለየው የሙቀት ገደብ ቴርሞስታት፣ ከዚያ የፋኑ ኮንታክተር ሲገባ ብቻ በሚዘጋው ረዳት ኮንታክት፣ ከዚያ በበሩ ስዊች፣ በመጨረሻ በስታርት ቁልፉ በኩል ወደ ኮይሉ ይደርሳል። የኮንታክተሩን የራሱን ረዳት ኮንታክት ከስታርት ቁልፉ ጋር በትይዩ ያገናኙት፤ ከእነዚህ አንዱ አንዴ ከቆረጠ ሰው መጥቶ ካልተጫነው አይመለስም። የገደቡ ቴርሞስታት ከ50 እስከ 300 ዲግሪ የሆነ ባለ ካፒላሪ ቢሆን ጥሩ ነው። ራሱን የቻለ ዳሳሽ ስላለው ዋናው መቆጣጠሪያ ቢሳሳት አብሮ አይሳሳትም። ሥራዎ 200 ከሆነ 230 ላይ ይሙሉት።

መጀመሪያ ሲያበሩ የሂተሩን ብሬከር አጥፍተው መቆጣጠሪያውን ብቻ ያብሩ። የክፍሉን ሙቀት ማሳየት አለበት። 60 ሲሞሉት "አውት" የሚለው መብራት ይበራል፣ በቴስተር ሲለኩም ወደ 12 ቮልት ዲሲ ያገኛሉ። ቀጥሎ ሂተሩን አብርተው ገደቡን ወደ 60 ያውርዱና መቆጣጠሪያውን 100 ይሙሉት፤ ኮንታክተሩ ራሱ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ምክንያቱን ሳያገኙ ወደ 200 አይሂዱ። አዲስ ኦቨን መጀመሪያ ሲሞቅ የላሜራው ዘይትና የሮክ ውሉ ማጣበቂያ ስለሚጨስ ባዶውን፣ ቤቱን ከፍተው፣ ለሁለት ሰዓት ያህል በ200 ያቆዩት።

ጥያቄ፦ መቆጣጠሪያዬ 200 ሲል 10 ደቂቃ እቆጥራለሁ። የወንበሩ ቱቦ ጥሩ ይወጣል፤ ከሥሩ የተበየደው 12 ሚሊ ሜትር ሳህን ላይ ግን ቀለሙ በመዶሻ ሲነካ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰነጠቃል። ሙቀቱን ወደ 230 ላድርገው? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ አያድርጉት። ቱቦው ላይ ያለውን ቀለም ያቃጥሉታል፤ ነጭ ከሆነ ይቢጫል። ካርቶኑ ላይ "200 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ" ሲል የሚናገረው ስለ ብረቱ ሙቀት ነው። መቆጣጠሪያዎ የሚያሳየው የአየሩን ነው። አየሩ 200 ከደረሰ በኋላ ብረቱ ገና መንገድ ላይ ነው፣ በተለይ ወፍራሙ።

ልዩነቱን በቁጥር ይመልከቱት። 1.5 ሚሊ ሜትር አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ሙቀት የሚቀበለው በውጭ ገጹ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ 1.5 ሚሊ ሜትር ብረት ያሞቃል። 12 ሚሊ ሜትሩ ሳህን በሁለት ገጹ ቢቀበልም ለአንዱ ገጽ 6 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። አራት እጥፍ ማለት ነው፤ ለመሞቅም አራት እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ቱቦው በ6 ደቂቃ ከደረሰ ሳህኑ 24 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። እርስዎ መቁጠር የጀመሩት ቱቦው በደረሰ ጊዜ ነው።

መፍትሔው ሁለተኛ ቴርሞካፕል፣ ማለትም ከሁለት ዓይነት ሽቦ የተሠራ የሙቀት ዳሳሽ፣ ነው። ኬ ዓይነት፣ ሽቦው በፋይበር ግላስ የተለበሰ፣ ከእጅ መለኪያ ጋር። ጫፉን በሳህኑ ቀዳዳ ላይ በቡሎንና በዋሸር ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ጫፍ የሚነግርዎ ያንኑ የአየሩን ሙቀት ነው። የደንበኛን ዕቃ ላለማበላሸት ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ቁራጭ ሳህን ከዕቃው ጎን ሰቅለው እሱን ይለኩ። ብረቱ 200 ሲደርስ ሰዓቱን ይጀምሩ። ለየዕቃው ዓይነት ይህን አንዴ አድርገው ደቂቃውን በደብተር ካሰፈሩ፣ ሠራተኛው ከዚያ በኋላ በደብተሩ ይሠራል። ወፍራምና ቀጭን ዕቃ በአንድ ዙር አለመቀላቀል ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ቀይ ብርሃን የሚያበራው የኢንፍራሬድ መለኪያ ቀለም ባለው ገጽ ላይ ይሠራል፤ በሚያብለጨልጭ ባዶ ብረት ላይ ግን ከእውነተኛው እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል።

አንድ ነገር ያጣሩ። ቀለሙ ሲነሳ ከሥሩ ንጹሕ ብረት እያሳየ እንደ ላስቲክ በአንድ ላይ የሚላጥ ከሆነ ችግሩ ከማብሰል ሳይሆን ከማጽዳት ነው፤ ዘይት ወይም ዝገት ቀርቷል። እርስዎ እንደገለጹት የሚሰነጠቅ ከሆነና ኤምኢኬ በሚባለው የቀለም ማሟሚያ በራሰ ጥጥ ወዲያና ወዲህ 30 ጊዜ ሲታሽ የሚለሰልስና በብዛት ጥጡን የሚያቀልም ከሆነ አልበሰለም። ጥሩው ዜና፣ ያልበሰለው ዕቃ ተመልሶ ገብቶ ሙሉ ጊዜውን ቢያገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ጥያቄ፦ አዲስ የገዛሁትን ቴርሞካፕል በፈላ ውሃ ፈተንኩት። 92 ነው የሚለው። 100 እንዲል "ኤስሲ" በሚለው ማስተካከያ ላይ 8 ልጨምርበት? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በፍጹም። ቴርሞካፕልዎ ልክ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 አካባቢ ነው። በድሬዳዋ ቢሞክሩት 96 ገደማ ያገኛሉ። 8 ቢጨምሩ ኖሮ መቆጣጠሪያው 200 ሲል ኦቨኑ 192 ላይ ይቆም ነበር፤ ቀለሙም ያለ ምክንያት ጥሬ ይወጣ ነበር።

ለሥራው ሙቀት የቀረበ መፈተኛ ከፈለጉ 63/37 የተጻፈበት የኤሌክትሮኒክስ ስታኞ ይጠቀሙ። የሚቀልጠውም የሚረጋውም በ183 ዲግሪ ነው፣ ከኦቨኑ ሥራ ጋር ይቀራረባል። በትንሽ የብረት ኩባያ አቅልጡት፣ ባለ ብረት ሽፋኑን የቴርሞካፕል ጫፍ ከመሃሉ ይንከሩ፣ እሳቱን ያጥፉና ቁጥሩ ሲወርድ ይከታተሉ። ስታኞው መርጋት ሲጀምር ቁጥሩ ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቆማል። የቆመበት 180 ከሆነ 3 ዲግሪ ያንሳል ማለት ነው፤ "ኤስሲ" ላይ 3 ይጨምሩ። ተራ ኬ ቴርሞካፕል 2.5 ዲግሪ ወዲያ ወዲህ ማለት የተፈቀደለት ስለሆነ ከዚያ ያነሰውን አይነካኩ። እርሳስ የሌለበት ስታኞ ከ217 በላይ ስለሚቀልጥ ጽሑፉን ያንብቡ። ሥራውን ደጅ ላይ ይሥሩ፣ ኩባያውም ለምግብ ተመልሶ አይግባ።

ጥያቄ፦ ኦቨኔ 6 ኪሎዋት ሲሆን በአንድ ፌዝ ነው የሚሠራው፤ በ40 አምፕ ኤስኤስአር። ትናንት የመቆጣጠሪያው "አውት" መብራት ጠፍቶ ሳለ ሙቀቱ 270 ደረሰ። ዕቃው ሁሉ ተቃጠለ። መቆጣጠሪያውን ልቀይረው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መቆጣጠሪያዎ ሥራውን ሠርቷል፤ አጥፋ ብሎ አዟል። ያልታዘዘው ኤስኤስአሩ ነው። ኤስኤስአር ሲበላሽ በአብዛኛው ተዘግቶ፣ ማለትም መብራት እያስተላለፈ ይቀራል። ይህን የኦቨን ሠሪ ሁሉ ቢያውቀው ምንኛ በወደድን።

ለማረጋገጥ ዋናውን ብሬከር ያጥፉ፣ የኤስኤስአሩን የውጤት ሽቦዎች ይፍቱና ሁለቱን ቡሎኖች በቴስተር ኦም ላይ ይለኩ። ጤነኛው እጅግ ከፍተኛ ኦም ያሳያል፣ የሞተው ወደ ዜሮ ይጠጋል። በቮልት ለመፈተን ከፈለጉ ያለ ጭነት አይለኩ፤ ጤነኛ ኤስኤስአርም ጠፍቶ ሳለ ጥቂት ሚሊ አምፕ ስለሚያሾልክ ቴስተሩ 220 ያሳይና ያሳስትዎታል። 100 ዋት የክር አምፑል ያያይዙለት፤ መጥፋት አለበት። ይኸው ማሾለክ ሌላም ነገር ይነግረናል፦ ኤስኤስአር ጠፍቷል ብሎ ሂተር መንካት አይቻልም። ኮንታክተሩ ወይም ብሬከሩ ካልቆረጠ መስመሩ ሕያው ነው።

ለምን ሞተ? 6 ኪሎዋት በ220 ቮልት 27 አምፕ ነው። ኤስኤስአር በያንዳንዱ አምፕ ከ1 እስከ 1.5 ዋት ሙቀት በራሱ ላይ ያፈራል፤ የእርስዎ እስከ 40 ዋት ይደርሳል ማለት ነው። ያን የሚያወጣለት ሂትሲንክ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሂትሲንክም በስስ አየር ደህና አይበርድም። የቁጥጥር ዕቃዎች አምፕ በአብዛኛው የሚጻፈው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ገበያው ላይ "40" ተጽፎባቸው ውስጣቸው ለ40 የማይበቃ መኖራቸውም የታወቀ ነው። ለ27 አምፕ 60 ወይም 80 የተጻፈበት ይግዙ፣ ከሂትሲንኩ ጋር በሚገናኝበት ገጽ ላይ ቴርማል ፔስት በስሱ ይቀቡ፣ የሂትሲንኩ ክንፎች ቁልቁል ይቁሙ፣ ሳጥኑ ላይ ከታችና ከላይ አየር መግቢያና መውጫ ይበጅለት፣ ትንሽ ፋንም ይጨመርበት። ሳጥኑን ከኦቨኑ ግድግዳ ጋር አይለጥፉት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ኤስኤስአሩ አንድ ቀን ይሞታል። ለአዳማው ጠያቂያችን የዘረዘርነው ኮንታክተርና የተለየ የሙቀት ገደብ ለዚያ ቀን የሚሆን ነው። በሦስት ፌዙ አሠራር እንኳ ከሁለቱ ኤስኤስአሮች አንዱ ተዘግቶ ቢቀር ከ9ኙ 4.5 ኪሎዋት ሳይቆም ይሄዳል፤ ኦቨኑ 200 ላይ ለመቆየት የሚፈልገው ግን 1.5 ብቻ ነው። ገደብ የሌለው ኦቨን ሰው ሳይኖር አይተዉት።

ጥያቄ፦ ኦቨኑ ሲሞቅ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሽቦው ስላነሰኝ በተራ የመዳብ ሽቦ ቀጥዬዋለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ ሁለት ስህተት አለ። የሚወርደው የቴርሞካፕሉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስለተገለበጠ ነው፤ ሽቦዎቹን ያቀያይሩ። በቀለም ብቻ አይመኑ፦ በአሜሪካ ደረጃ ቀዩ ኔጌቲቭ ነው፣ ከቻይና በሚመጡት ብዙዎች ላይ ግን ቀዩ ፖዘቲቭ ነው። ከኬ ሁለት ሽቦዎች ማግኔት የሚስበው ኔጌቲቩ ነው። የመዳቡን መቀጠያ ደግሞ ያውጡት። መጋጠሚያው ኦቨኑ አጠገብ 60 ዲግሪ ሆኖ መቆጣጠሪያው ያለበት ሳጥን 25 ከሆነ ንባቡ በ35 ዲግሪ ያንሳል፤ ኦቨኑ 235 ሳለ 200 ይልዎታል። መቀጠያው ራሱ የኬ ሽቦ መሆን አለበት። ሽቦው በበር ወይም በላሜራ ጠርዝ እንዳይቆነጠጥም ይጠንቀቁ፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ከተነካኩ መቆጣጠሪያው የሚያነበው የተነካኩበትን ቦታ ሙቀት ነው። ያም ቀዝቃዛ ስለሆነ ሂተሩን ሳያቋርጥ ያነደዋል።

ጥያቄ፦ የእንጀራ ምጣድ ሬዚስታንስ ርካሽ ነው፣ በየትም ይገኛል። ለኦቨኑ ብጠቀምበትስ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ምጣዱ ውስጥ ያ ሽቦ ከሸክላ ሥር ተቀብሮ ነው የሚኖረው፤ ማንም አይነካውም። ኦቨን ውስጥ ግን ራቁቱን 220 ቮልት ተሸክሞ ከተንጠለጠለ ዕቃ ጋር ይጎራበታል። ከጋሪው አንድ ግሪል ወልቆ ቢወድቅበት ጋሪውና በሩ ሁሉ መስመር ይይዛሉ። ሁለተኛው ችግር እሳት ነው። ፓውደሩ ከመቅለጡ በፊት ከዕቃው ላይ ይራገፋል፤ በቀላ ሽቦ ላይ ሲያርፍ ይቃጠላል፣ በፋኑ ነፋስ ከተበተነ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል። ሦስተኛው፣ የሽቦው ጨረር ፊት ለፊቱ ያለውን ዕቃ አቃጥሎ ጀርባውን ጥሬ ይተወዋል። በዋጋ የሚያተርፉትን በአንድ ዙር የተቃጠለ ዕቃ ይከፍሉታል።

የቱቦ ሂተር ይግዙ። ከታች ወይም ከጎን ቀዳዳ ባለው ላሜራ ከልለው፣ የፋኑ አየር በሂተሩ ላይ አልፎ ወደ ዕቃው እንዲመጣ ያድርጉ። የፋኑ ሞተር ውጭ ይሁን፣ ረጅም ዘንጉ ብቻ ግድግዳውን ይለፍ። የመቆጣጠሪያውን ቴርሞካፕል አየሩ ከዕቃው ተመልሶ ወደ ፋኑ በሚገባበት በኩል፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያስገቡት። ሂተሩ ፊት ለፊት ካስቀመጡት ዕቃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ "ደርሷል" ይልዎታል።

ጥያቄ፦ 200 ሞልቼ 222 ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ 185 ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። አንዳንዴም ኮንታክተሩ ሲገባ መቆጣጠሪያው ጠፍቶ ይበራል። ኤስኤስአር የለኝም፣ በኮንታክተር ነው የማሠራው። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ኮንታክተር በፒአይዲ ማሠራት ይቻላል፣ ግን ዕድሜው ያጥራል። "ቲ" የሚለው የዑደት ጊዜ ለኤስኤስአር 2 ሰከንድ፣ ለኮንታክተር ቢያንስ 20 ሰከንድ መሆን አለበት። የእርስዎ 2 ላይ ከሆነ ኮንታክቱ በጥቂት ወራት ይበላል፤ ተበይዶ ከቀረም ልክ እንደ ደብረ ብርሃኑ ኤስኤስአር አልጠፋም ይላል።

ውጣ ውረዱን ለማስተካከል ኦቶ ቲዩን ያድርጉ፤ መቆጣጠሪያው ራሱን ከኦቨኑ ጋር የሚያስማማበት ሥራ ነው። ኦቨኑን በተለመደው ጭነት ይሙሉት፤ ባዶውን ቢያስተካክሉት ሲጭኑት ይለያል። ለዚህ ደንበኛ የማይጠይቀውን ውድቅ ብረት ይጠቀሙ፣ በማስተካከሉ ጊዜ ሙቀቱ ከ200 ያልፋልና። 200 ይሙሉ፣ "ሴት" ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፣ እስከ "ኤቲዩ" ይሂዱና 1 ያድርጉት። "ኤቲ" መብራቱ ይብልጭለጫል። ኦቨኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥቶ እስኪወርድ ይጠብቁ፣ በሩን አይክፈቱ፤ መብራቱ ሲጠፋ ፒ፣ አይ እና ዲን ራሱ ሞልቷል። ከዚያም በኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚያልፍ ከሆነ የ"ፒ"ን ቁጥር በእጥፍ ያሳድጉት። ያም ካልረዳ ችግሩ ከቁጥሩ አይደለም፤ ቴርሞካፕሉ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ተደብቋል ወይም ጫፉ በጣም ወፍራም ስለሆነ ዘግይቶ ያነባል።

መቆጣጠሪያው የሚጠፋው ከኮንታክተሩ ኮይል በሚወጣ ረብሻ ነው። 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ፣ ለኤሲ 275 ቮልት የተሠራ ካፓሲተር በተከታታይ አያይዘው በኮይሉ ሁለት ጫፎች ላይ ይሰሩት። የቴርሞካፕሉንም ሽቦ ከኃይል ገመዱ ጋር በአንድ ቱቦ አይስደዱት።

ጥያቄ፦ ዕቃው ኦቨን ውስጥ ሳለ መብራት ይሄዳል። ሲመጣ ምን ላድርግ? (ከጅማ)

መልስ፦ መጀመሪያ በሩን አይክፈቱ። ከዚያ ብረቱ የት እንደደረሰ ይወስናል። ፓውደሩ ገና ካልቀለጠ፣ ዱቄቱ በንዝረት እንዳይራገፍ ጋሪውን ሳያንቀሳቅሱ ይጠብቁ። ቀልጦ ከሆነ፣ መብራት ሲመጣ እንደገና አሙቀውት ብረቱ 200 ከደረሰ በኋላ ሙሉውን 10 ደቂቃ እንደ አዲስ ይቁጠሩለት። የቀረውን ሦስትና አራት ደቂቃ ብቻ አይስጡት፤ ጥቂት መብለጥ ከማነስ ይሻላል። ነጭና ፈዛዛ ቀለም ደጋግሞ ከተቋረጠበት ግን ሊቢጭ ስለሚችል ከሌላው ጋር አስተያይተው ያስረክቡ።

መብራት ሲመጣ ኦቨኑ በራሱ እንዳይነሳ የስታርት ቁልፉ አሠራር ይጠብቅዎታል። እንደመጣ ወዲያው አይጫኑት፤ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ። ጀነሬተር ካለዎት ቢያንስ ፋኑን በሱ ያዙሩ፤ ሂተሩ የያዘው ሙቀት አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ሽቦውንና የዘንጉን ኩሺኔታ እንዳይጎዳ። በተለመደው ቀንም ቢሆን ሂተሩን ካጠፉ በኋላ ፋኑ ኦቨኑ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ይዙር።

ጥያቄ፦ ከክረምት በኋላ ኦቨኑን ሳበራ 30 ሚሊ አምፑ የመሬት ፍሳሽ ብሬከር ይወድቃል። ሰው "አውጣው፣ ያለሱ ይሠራል" ይለኛል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አያውጡት። የቱቦ ሂተር ውስጡ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ዱቄት የተሞላ ነው፤ ይህ ዱቄት በጫፎቹ በኩል እርጥበት ይመጥጣል። ብሬከሩ የሚወድቀው ያ እርጥበት ወደ አካሉ ስለሚያሾልክ ነው። ሂተሮቹን አንድ በአንድ ፈትተው ከአካላቸው ጋር ያለውን ኢንሱሌሽን በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ይለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች የሆነውን አውጥተው በፀሐይ ሳይሆን በሌላ ኦቨን ውስጥ በደረቅ የ120 ዲግሪ ሙቀት ለሦስትና አራት ሰዓት ያድርቁት። ተመልሶ ከፍ ካለ ጤነኛ ነው፣ ይግጠሙት። ካላለ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ይቀየር። በክረምት ኦቨኑ ለሳምንታት የማይሠራ ከሆነ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት 120 ላይ ባዶውን ማሞቅ ይህን ችግር ያስቀረዋል።